ምዕራፍ ሰባት፦ ዛፎች ንጉሥ የፈለጉ ዕለት

“ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ” እየተባልን አድገናል። የዚያኑ ያህል የቆየ ሌላ ቃልም አለን፤ “በሕግ አምላክ!” ዱላ በተማዘዙ ሰዎች መካከል አንድ መንገደኛ ይህን ቃል ከጠራ፣ የተነሳው ዱላ ባለበት መቆም ነበረበት። ጠሪው ጭሰኛ ይሁን ባላባት የሚጠይቅ የለም፤ ያስቆመው ጉልበቱ ሳይሆን የጠራው ሕግ ነውና። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ዳኛ ከራቀም መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ አስቁመው “ዳኘን” ይሉታል፤ እሱም ጥላ ሥር ተቀምጦ በላ ልበልሃ ሲባባሉ ያዳምጣል።

ሁለቱ አባባሎች በአንድ ሕዝብ አፍ እንዴት አብረው እንደኖሩ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የመጀመሪያው ከሕግ በላይ የሆነ ሰው አለ ይላል፤ ሁለተኛው የለም ይላል። ስለ ዲሞክራሲ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ምርጫ ሣጥን ነው። ከሣጥኑ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ገዢው ይከሰሳል ወይ? ከተከሰሰስ በየትኛው ሕግ፣ በማን አንደበት? ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲያብሰለስሉ የኖሩ ሁለት ምንጮች አሉ። አንዱ በብዙዎቻችን ቤት ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሌላው እኛ የደጋ ሰዎች ብዙም ያላነበብነው፣ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል የኖረ፣ ከሽኒሌ እስከ ጅጅጋ ያሉ የሶማሌ ሽማግሌዎች ከግራር ሥር ሲዳኙበት የኖሩበት ሕግ ነው።

ከመጽሐፉ እንጀምር። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ላይ አንድ ተረት አለ፤ በእኔ ግምት ስለ ሥልጣን ከተነገሩ ተረቶች ሁሉ የሚስተካከለው የለም። ጌዴዎን እስራኤልን ከምድያማውያን እጅ ካዳነ በኋላ ሕዝቡ አንተም ልጅህም የልጅ ልጅህም ንገሡልን ብለው ለመኑት። እምቢ አለ። እሱ ሲሞት ከቁባቱ የወለደው አቢሜሌክ ተነሳ። ከሴኬም ቤተ ጣዖት 70 ብር ተቀበለ፣ በብሩም ወሮበሎች ቀጠረ፣ የአባቱን ልጆችም በአንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው። ተደብቆ የተረፈው ታናሹ ኢዮአታም ብቻ ነበር። የሴኬም ሰዎች አቢሜሌክን ያነገሡት ከአንድ ትልቅ ዛፍ አጠገብ ነው። ኢዮአታም ይህን ሲሰማ ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ዛፎች ነገራቸው።

ዛፎች ንጉሥ ሊቀቡ ወጡ። ወይራን ጠየቁት፤ ዘይቴን ትቼ በእናንተ ላይ ልወዛወዝ ልሂድ? አላቸው። በለስን ጠየቁት፤ ጣፋጭ ፍሬዬን ልተው? አለ። ወይንም የወይን ጠጁን መተው አልፈለገም። በመጨረሻ እሾህን ጠየቁት። እሾህ አላመነታም። በእውነት ልታነግሡኝ ከሆነ ኑና በጥላዬ ተጠለሉ፤ አለዚያ ከእኔ እሳት ይውጣና የሊባኖስን ዝግባ ይብላ አለ።

ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር ክፋት ይረዳዋል። እሾህ ጥላ የለውም። ሥሩ ለማረፍ የሞከረ ፍየል እንኳ ተቧጭሮ ይወጣል። ጥላ የሌለው ጥላ ቃል ገባ፤ ቃሉን ሳይጨርስም እሳት አስፈራራ። ሰባኪዎች ይህን ክፍል ሲያነቡ እሾህን ይወቅሳሉ፤ እኔ የምወቅሰው ወይራን ነው። ወይራ ሥራ ነበረው፣ የተከበረ ነበር፣ ያቀረበው ምክንያትም ጥሩ ነበር። በእኛ ዘመን አማርኛ የወይራ መልስ “ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ” የሚለው ነው። ስንት ደህና ሰው ይህን ብሎ ወደ ሱቁ፣ ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ ተመለሰ! ባዶ የተተወውን ቦታ ማን እንደሞላው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥርጣሬ በዚህ አላበቃም። ሕዝቡ በሳሙኤል ዘመን እንደሌሎች አሕዛብ ንጉሥ አንግሥልን ባሉ ጊዜ፣ ነቢዩ ንጉሥ ምን እንደሚወስድባቸው ቆጥሮ ነግሯቸዋል። ወንዶች ልጆቻችሁ ለሠረገላው፣ ሴቶች ልጆቻችሁ ለወጥ ቤቱ፣ ከእርሻችሁ መልካም መልካሙ፣ ከመንጋችሁ አሥራት። ከዚያ ትጮኻላችሁ፣ የሚሰማችሁ ግን የለም አላቸው። ዘዳግም ምዕራፍ 17 ደግሞ ንጉሥ ካልቀረ እንዲህ ይሁን ይላል፤ ፈረስ አያብዛ፣ ሚስት አያብዛ፣ ብርና ወርቅ አያከማች፣ የሕጉን ቅጂ በገዛ እጁ ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ ያንብብ፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ አይኩራ። ይህ ቃል ወደ እኛ ፍትሐ ነገሥትም ገብቷል፤ ስለ ነገሥታት የሚናገረው አንቀጽ 44 ነው። ናታን ዳዊትን ፊት ለፊት የከሰሰው፣ ኤልያስ አክዓብን ከናቡቴ ወይን አትክልት ውስጥ ቆሞ የጠየቀው በዚሁ መንፈስ ነው። ያን ሁሉ ያነበብን ሕዝብ ሆነን የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸውም የማይነካ ነው ብሎ ጻፈልን። ሁለተኛውን አባባላችንን ትተን የመጀመሪያውን ሕግ አደረግነው።

44 ቁጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጎንደርም 44ቱ ታቦት ይባልላታል። በሶማሌ ክልል ሰሜን፣ በኤረር፣ በሽኒሌና በአይሻ አልፎ ደወሌ ድረስ የባቡሩን መስመር ተከትሎ በተዘረጋው በሲቲ ዞን፣ ይኸው ቁጥር ሌላ ታሪክ አለው። የኢሳ ሶማሌዎች አፈ ታሪክ፣ ሔር ኢሳ የሚባለውን ሕጋቸውን ከየጎሣው የተውጣጡ 44 ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንዳወጡት ይናገራል። ሔር የደም ካሣን፣ ጋብቻን፣ ግጦሽን፣ ውኃን፣ እንግዳንና ስደተኛን ይመለከታል። ሥልጣንንም ይመለከታል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው።

ኢሳዎች ኡጋዝ አላቸው፤ ኡጋዝ ስንል ግን ንጉሥ ማለታችን አይደለም። የሚመረጠው ዋርዲቅ ከሚባለው ጎሣ ብቻ ነው። እጩው ራሱን አያቀርብም፣ ቅስቀሳ አያደርግም፤ ፈልገው የሚያገኙት ሽማግሌዎች ናቸው። ኡጋዙ ይባርካል፣ ያስታርቃል፣ የአንድነታቸው ምልክት ይሆናል። ሕግ አያወጣም፤ የሸንጎውን ውሳኔም ብቻውን አይሽርም። ኢሳ ሁሉ እኩል ኢሳ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም የሚለው መርሕ ለእሱም ይሠራል። ከዘዳግም 17 ጋር አብራችሁ አንብቡትና ልቡ በወንድሞቹ ላይ የማይኮራ መሪ ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። የአቢሜሌክ ተቃራኒ ነው። አቢሜሌክ ዙፋኑን በብር ገዛው፤ ኡጋዝን ግን ሥልጣኑ ፈልጎ ያገኘዋል።

የጂቡቲው ምሁር ዓሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሕግ በፈረንሳይኛ የጻፉት መጽሐፍ ርእሱ “የዛፉ ፍርድ” ማለት ነው። ከእርሳቸው በፊትም የታዘቡ አሉ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነስቶ በኢሳና በገደቡርሲ ጎሣዎች አገር አቋርጦ ሐረር ሲገባ፣ የአገሩን ሰዎች ሪፐብሊካኖች ብሎ ጠራቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ የሶማሌን ኑሮ የአርብቶ አደር ዲሞክራሲ ብሎ ሰየመው።

ሸንጎው ሺር ይባላል። ጉዳዩ ውኃ ላይ የተነሳ ጠብ ነው እንበል፤ አንድ ወጣት በበትር ተመትቶ ሞቷል። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ጥላው ሰፊ የሆነ ግራር ይመርጡና ክብ ሠርተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከፍ ያለ መቀመጫ የለም። ተናጋሪው በትሩን ይዞ ይነሳል። ቀድሞ የሟቹን ዘር ይቆጥራል፣ ከዚያ ዱሮ የተፈረደ ተመሳሳይ ጉዳይ ያነሳል፤ ነጥቡን ሲጨርስ በበትሩ ጫፍ አሸዋው ላይ አንድ መስመር ይጭራል። ሁለተኛ ነጥብ፣ ሁለተኛ መስመር። መልስ የሚሰጠው ሰው መስመሮቹን አንድ በአንድ እየነካ ይመልሳል። ከተከራካሪዎቹ በአንዱ ቂም ያለው ወይም ሥጋ ዘመድ የሆነ ሰው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ፍርዱ ያላረካው ወገን ሌላ ዛፍ ሥር ይግባኝ ሊል ይችላል። ስብሰባው አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፤ የሚቸኩል የለም። እዚያ የሚፈለገው የብዙኃን ድምፅ ሳይሆን ተሸናፊው ወገን እንኳ ይዞት ወደ ቤቱ የሚገባው ፍርድ ነው።

በብዙ የሶማሌ ጎሣዎች የወንድ ነፍስ ካሣ 100 ግመል ነው። ይህን ካሣ ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ጎሣው ያዋጣለታል። ለከተማ ሰው ጆሮ ይህ እንግዳ ይሆናል፣ ከዱሮው የግሪክ ቲያትር ጋር ሲነጻጸር ግን ይገባል። ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት 458 ዓመት በፊት አቴና ላይ ባሳየው “ኦረስቴያ” በተባለው ሦስት ክፍል ተውኔት፣ ሚስት ባሏን ትገድላለች፤ ልጅ ለአባቱ ደም ሲል እናቱን ይገድላል፤ የበቀል አማልክትም ልጁን ያሳድዱታል። ደም ደምን እየጠራ ማለቂያ ያጣል። ተውኔቱ የሚቆመው የአቴና ዜጎች ዳኞች ሆነው ተቀምጠው፣ ከሳሽና ተከሳሽን ሰምተው፣ ድምፅ ሲሰጡ ነው። የበቀል አማልክቱም ተለምነው፣ ክብር ተሰጥቷቸው፣ ከተማዋን የሚጠብቁ ሆኑ። አማራ ደም ማድረቅ ብሎ የሚጠራውን፣ ሶማሌ በግመል የሚያደርገውን፣ አቴና በመድረክ ላይ እንደ ከተማዋ መወለድ አድርጋ አከበረችው። በቀል በሸንጎ ሲተካ አገር ይጀመራል።

ለዛፉ ጥብቅና ስቆም ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። የሺር ክብ የወንዶች ክብ ነው። ሴት ጉዳይዋ ሲታይ እንኳ በወንድ ዘመድ አንደበት ትናገራለች፤ ነፍሷ ስትጠፋም ካሣው የወንድ ግማሽ፣ 50 ግመል ነው። በእጅ ሥራና በብረት ሥራ የሚተዳደሩ፣ ገቦዬ የሚባሉ ወገኖችም ከክቡ ውጭ ሲገፉ ኖረዋል። አቴናም እንዲሁ ነበረች፤ ሴቶች፣ ባሮችና መጤዎች ድምፅ አልነበራቸውም። በሆሜር “ኢሊያድ” ውስጥም ቴርሲቴስ የሚባል ተራ ወታደር በጉባኤ ተነስቶ ንጉሡን በስግብግብነት ሲከስስ፣ ኦዲሴዎስ በበትር መትቶ አስቀመጠው፤ ጉባኤውም ሳቀ። የተናገረው ግን እውነት ነበር። የማንኛውም ሸንጎ ልክ የሚታወቀው ቴርሲቴስን በሚያስተናግድበት መንገድ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ሴት ትዝ ትለኛለች። ከኢዮአታም ተረት አምስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ በተራራማው በኤፍሬም አገር፣ በራማና በቤቴል መካከል አንድ ዘንባባ ነበር። ከሥሩ የምትቀመጠው ዲቦራ ናት። ሚስት ናት፣ ነቢይት ናት፣ ፈራጅ ናት። ሰው ሁሉ ለፍርድ ወደ እርሷ ይወጣ ነበር። ዛፉም በስሟ ተጠራ። በሶማሌ ክልል በአውበሬ ወይም በቀብሪ በያህ ከተማ ዛሬ ሱቅ ከፍታ፣ ልጆች አስተምራ፣ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት ከዛፉ ሥር ብትቀመጥ ሔር ይፈርሳል የሚል ሰው፣ ዘንባባዋን እንዲያስታውስ እለምነዋለሁ። አብዛኛው የጅጅጋ ሰው ሙስሊም ነው፤ ፍትሕ ለሴትም ለወንድም የታዘዘ መሆኑን ከራሱ መጽሐፍ አሳምሮ ያውቀዋል።

ሌላው ጉድለት የሚመጣው ከውስጥ ነው። እስራኤል ንጉሥ የፈለጉት ሳሙኤል ክፉ ዳኛ ስለነበር አይደለም። ሳሙኤል ሲያረጅ ልጆቹን ዳኞች አድርጎ ሾመ፤ እነሱም ጉቦ በሉ፣ ፍርድ አጣመሙ። ሕዝቡ ንጉሥ የጠየቀው ያን ጊዜ ነው። እሾህ የሚበቅለው የዛፉ ጥላ ሲሳሳ ነው።

ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ከአውበሬ ድንበሩን ተሻግሮ ጥቂት እንደተሄደ ቦረማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1993 የጎሣ ሽማግሌዎች እዚያ ለወራት ተቀምጠው፣ ጦርነት ያደቀቃትን ሶማሌላንድ አስታረቁ፣ መሪ መረጡ፣ ጉርቲ የሚባል የሽማግሌዎች ምክር ቤትም አቋቋሙ። ከዚያ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅጅጋ አቅራቢያ በሐርትሼክ ሰፍሮ ነበር፤ መጠለያው በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቆቹ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ነበር፣ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ሰው ወደ አገሩ እንዲመለስ መንገድ የከፈተው የዛፍ ሥር ሸንጎ መሆኑን መርሳት ነውር ነው። ያ ጉርቲ ግን ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ ምርጫ አልቀረበም፤ አባል ሲሞት ወንበሩ ለልጁ ወይም ለዘመዱ ይተላለፋል፤ ምክር ቤቱም የራሱን ዘመን በተደጋጋሚ አራዝሟል። የሳሙኤል ልጆች እንግዲህ እዚህም ተወለዱ።

በእኛ በኩል የተከሰተው ከዚህ የተለየ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ 5 መሠረት ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ ሊታይ ይችላል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በሶማሌ ክልል ብዙ ሽማግሌዎች የመንግሥት አማካሪ ተብለው ደሞዝ ተቆረጠላቸው። ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ክብሩ ከየት ይመጣል? ማንም ስለማይከፍለው ነው። ናቡቴ ወይን አትክልቱን በብር ሊለውጥ ያልፈለገው የአባቶቹ ርስት ስለሆነ ነበር። ሽምግልናም ርስት ነው፤ ከተሸጠ በኋላ “በሕግ አምላክ” የሚል ድምፅ አይወጣም።

ጅጅጋ ይህን በመራራ መንገድ ተማረች። ከ2002 እስከ 2010 ዓ.ም. ክልሉን አቶ አብዲ ሙሐመድ ዑመር መሩት። ልዩ ፖሊስ የሚባለው ኃይል በሰፊው ተፈራ። ከተማው መሐል ጄል ኦጋዴን የሚባል እስር ቤት ነበር፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዋች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ባወጣው ዘገባ በውስጡ የተፈጸመውን ድብደባና ሥቃይ ከእስረኞቹ አንደበት ዘርዝሯል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የፌዴራል ጦር ወደ ጅጅጋ በገባበት ቅዳሜ እሳቱ ተነሳ። ሱቆች ተዘረፉ፣ ሰዎች ተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት ሕይወታቸውን አጡ። ኢዮአታም ከገሪዛን ላይ የጮኸው እሳት ምሳሌ ነው ብለን ስናነብ የኖርን ሁሉ በዚያ ቀን ተሸማቀቅን። በሴኬምም ሆነ በጅጅጋ የተቃጠለው ያነገሠውም ያላነገሠውም ነው።

አቶ አብዲ ከሁለት ቀን በኋላ ሥልጣን ለቀቁ፣ በቀጣዩ ወር፣ በነሐሴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተያዙ። ጄል ኦጋዴን በመስከረም 2011 ተዘጋ። በውጭ አገር ሆነው መንግሥትን ሲተቹ የነበሩት አቶ ሙስጠፌ ሙሐመድ ዑመር ክልሉን ተረከቡ። ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ በክልሉ የተካሄደው ዘግይቶ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ከ2011ዱ የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ አገር የተመለሰው የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባርም ራሱን ከውድድሩ አገለለ። ወይራ እንደገና እምቢ አለ፤ በዚህኛው እምቢታ ግን ጥፋቱ የወይራ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። ሰው የሚወዳደረው ሜዳው ለሁሉም እኩል ነው ብሎ ሲያምን ነው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሔር ኢሳን የኢትዮጵያ፣ የጂቡቲና የሶማሊያ የጋራ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዘገበው። ብዙ ደስ አለን፣ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን ሔር በሙዚየም የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ሕይወቱ ኃይለኛው ሰው መሬት ላይ ከደካማው ጋር እኩል ተቀምጦ፣ አሸዋው ላይ የተጫሩትን መስመሮች አንድ በአንድ እንዲመልስ መገደዱ ነው። በዚህ መለኪያ የጅጅጋን ጉዳይ ስናየው የምናገኘው ይህን ነው። አንድ ክልል ለስምንት ዓመት የመሩ ሰው ተከሰሱ፤ የመጀመሪያው አባባላችን አይሆንም ያለው ሆነ። ክሱ ለዓመታት በፍርድ ቤት ቆየ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ፤ ጥፋተኛ አልተባሉም፣ ነፃም አልተባሉም። ካህኑን ያጣው ቤተ ክርስቲያንም፣ ልጁን በጄል ኦጋዴን ያጣው ሶማሌም የመጨረሻውን ቃል አልሰሙም። ገዢው ይከሰሳል ወይ ብለን ለጠየቅነው፣ ጅጅጋ እስካሁን የሰጠችን መልስ ይኸው ነው፤ ይከሰሳል፣ ፍርድ ግን አይሰጥም።